አዲስ ታፔት ገጥሜም ጩኸቱ አልጠፋ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ ከሀዋሳ አቶቴ ነኝ። የ1988 ቮልስዋገን ጎልፍ መኪና አለችኝ። ጠዋት ስትነሳ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ጠቅ ጠቅ እያለ ስላስመረረኝ ስምንቱንም ሃይድሮሊክ ታፔት (ከቫልቩ በላይ ተቀምጦ በዘይት ግፊት ክፍተቱን የሚሞላውን) ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ራሴ ቀየርኩ፣ ዘይቱም ፊልትሮውም አዲስ ነው። ገጥሜ ወዲያው አላስነሳሁም፣ ታፔቱ ሳይወርድ ቢነሳ ቫልቩ ፒስተን ስለሚመታ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ (ቡና ደረሰልኝ)።

አሁን ሞተሩ ሞቆም አንዱ ይጮኻል። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው። የካምሻፍቱን (ታፔቶቹን እየተጫነ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጉብታ ወደ ላይ አዙሬ ታፔቱን በእንጨት ስጫነው እንደ ስፖንጅ ይገባል፣ ሌሎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። የሰፈር መካኒክ «ዝም ብለህ ንዳት፣ ታፔቱ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል» ይለኛል። እኔ ካምሻፍቱ እንዳይበላብኝ ፈራሁ። የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ልንዳት ወይስ እሱን ብቻ ፈትቼ ልቀይር? የዘይት ግፊት መለኪያ የሚያውሰኝስ አይጠፋም?