ቤት ጨዋ፣ ክበብ ስንደርስ ሌላ ውሻ

የ2 ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ። ቤት ውስጥ «ተቀመጥ»፣ «ቆይ»፣ «ና» ስለው እሺ ይላል። የሰፈር የውሻ ማሠልጠኛ ክበብ ከገባን ግን 3 ሳምንት ሆነን፤ አልሆነልንም። ገና በር ላይ ሌሎቹን ሲያይ ጆሮው ይቆማል፣ ማሰሪያውን ይወጥራል፣ ከዚያ ጩኸት ብቻ። አይናከስም፤ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚጮኸው። የተቀቀለ ዶሮ አፍንጫው ሥር ባደርግለት እንኳ ዞር ብሎ አያይም። (ቤት ቢሆን እጄንም ይጨምር ነበር።) ማሰሪያውን ሳሳጥረው ባሰበት። ባለፈው ቅዳሜ 30 ሜትር ያህል ርቀን ስንቆም ግን ተረጋጋ፣ ዶሮውንም በላ። አሠልጣኙ «መሃል አስገባው፣ ይለምዳል» ይላል፤ እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ቀስ በቀስ መጠጋት ነው የፈለግኩት። ታዲያ ከ30 ሜትር ወደ ቡድኑ አንድ እርምጃ የምጠጋው ምን ምልክት ሳይበት ነው?