ዳሌዬ ከተቀየረ በኋላ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ

ሰላም ናችሁ፣ የዳሌ መገጣጠሚያዬ በአርቴፊሻል ከተቀየረ 7 ሳምንት ሆነኝ፣ መራመዱስ ደህና ነው ግን ካልሲ ማጥለቅና ጫማ ማሰር አልቻልኩም ጎንበስ ስል ጭምድድ አርጎ ይይዘኛል፣ እናንተን መቼ ለቀቃችሁ?

መልስ፦ እኔን 3 ወር አካባቢ። እስከዛ እጀታው ረጅም የሆነ ጫማ ማጥለቂያ ነበረኝ፣ ካልሲውን ግን ሚስቴ ናት (ሰልችቷት ነበር ሃሃ)

መልስ፦ ቆይ በግድ እንዳትስበው! ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከሆነ የተሰራው ለተወሰነ ጊዜ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍም እግር አነባብሮ መቀመጥም ይከለከላል፣ ሊወልቅ ይችላላ። ሐኪምህን ጠይቅ መጀመሪያ

መልስ፦ ደረጃ ስትወጣ ደህናውን እግር አስቀድም፣ ስትወርድ የተሰራውን። ዝቅ ያለ ሶፋም ይቅርብህ፣ እኔ ቁጭ ብዬ መነሳት አቅቶኝ ሰው ጠርቻለሁ

ጠያቂው፦ ከኋላ ነው የተሰራሁት፣ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ እጠይቃለሁ፣ ተባረኩ