«የሰበቃ ኪሳራ» ወይስ «የፍትጊያ ብክነት»?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ስለ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ቧንቧዎች ስሌት በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲታሽ የሚያጣውን ግፊት «የሰበቃ ኪሳራ» አልኩት። ጓደኛዬ ደግሞ «የፍትጊያ ብክነት» በለው አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰበቃን አትልቀቅ። እሳት ሰበቀ ስንል እንጨት ከእንጨት አሽቶ አወጣ ማለታችን ነው። ሙቀቱ ቃሉ ውስጥ አለ። ፈተገ ግን እህል ወቅጦ ልጣጩን ማላቀቅ ነው። ዛሬ «ፍትጊያ» ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የሰዎች አለመግባባት ነው።

«ኪሳራ» ላይ ግን ከጓደኛህ ጋር ነኝ። የከሰረ ገንዘብ ከእጅ ወጥቷል። እዚህ ጉልበቱ የትም አልሄደም፤ ሙቀት ሆኖ እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ቀርቷል። በማሞቂያ መስመር ላይ ትንሽም ቢሆን ያግዛል፤ በማቀዝቀዣ ላይ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። ባከነ ማለት ያለ ቦታው ዋለ ማለት ነው። «የሰበቃ ብክነት» በለው።

ሌላ አባል፦ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ብክነቱ በሚሰላበት ቀመር ውስጥ ያለው አባዢ፣ «የሰበቃ ቁጥር» ነው። ስሙ አንድ፣ ዋጋው ሁለት! አንዱ በመሐንዲሱ ዳርሲ፣ ሌላው በመሐንዲሱ ፋኒንግ ስም ይጠራል፤ የዳርሲው የፋኒንግን 4 እጥፍ ነው። ፈሳሹ ሳይታወክ ረግቶ ሲፈስ 64ን ለሬይኖልድስ ቁጥር (ፍሰቱ የረጋ ወይም የታወከ መሆኑን ለሚያመለክተው ቁጥር) ብታካፍል የዳርሲን ታገኛለህ፤ 16ን ብታካፍል የፋኒንግን። ውስጡ 20 ሚሊሜትር በሆነ የ20 ሜትር ቧንቧ ውሃ በሴኮንድ 1 ሜትር ይሂድ እንበል። የዳርሲው ቁጥር 0.026 ቢሆን ብክነቱ 13 ኪሎፓስካል ነው። በዚያው ቀመር የፋኒንግን ካስገባህ 3.25 ኪሎፓስካል ይወጣልሃል፤ የምትመርጠው ፓምፕም አቅም ያንሰዋል። እባክህ የዳርሲ ይሁን የፋኒንግ የባለቤቱን ስም ሁሌም አብረህ ጻፍ።

ጠያቂው፦ ይህን አላሰብኩበትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። በመታጠፊያና በቫልቭ ላይ የሚባክነውንስ «ጥቃቅን ብክነት» ልበለው?

መልስ፦ ተው! አጭር ሆኖ መታጠፊያ የበዛበት መስመር ላይ እኮ ከቀጥታው ቧንቧ ሊበልጥ ይችላል። «የመገጣጠሚያ ብክነት» በለው፤ የት እንደሚባክን ይናገራል፣ ስለ መጠኑ አይዋሽም።