ለስድስት ወር የጀርመንኛ ትምህርት ስንት ዩሮ ይዤ ልነሣ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ ሰላም ወገኖች። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ጀርመንኛ ኤ2 ጨርሻለሁ (ደረጃዎቹ ከኤ1 ጀምረው በቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያሉ ይወጣሉ)። ጀርመን ሄጄ ስድስት ወር ቋንቋውን ብማርና ከዚያ ማስተርስ ብቀጥል እያልኩ ነው። አባቴ ሚኒባሱን ሸጦ ሊያግዘኝ ነው፤ ስለዚህ በግምት መሄድ አልፈልግም። ኤጀንቱ የነገረኝ የብሎክድ አካውንቱን (ለቪዛው አስቀድሞ ገብቶ የሚታገደውን ተቀማጭ) ብር ብቻ ነው። እሱ ይበቃል? ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ወጪህን እሸፍናለሁ ብዬ እኔ እፈርምልሃለሁ» ብላኛለች። የቱ ይሻላል?

ከላይፕዚግ፦ አይበቃም። ብሎክድ አካውንት ለኑሮህ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ አይጨምርም። ለቋንቋ ተማሪ የሚጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ነበር። 992 የሚባለው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ኤጀንቶች ሁለቱን ያደባልቃሉ። በዚያ ሒሳብ የአንተ ስድስት ወር 6,546 ዩሮ ይመጣል። በዚያ ላይ ኮርሱ፣ የጤና ኢንሹራንሱ፣ ቲኬቱና 75 ዩሮ የቪዛ ክፍያ አለ።

ሰው የሚቸገረው ግን እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። ብሎክድ አካውንት ውስጥ ያለው ገንዘብ አውሮፕላን ማረፊያ አይጠብቅህም። መጀመሪያ አድራሻ ታስመዘግባለህ፣ የባንክ አካውንት ትከፍታለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው በየወሩ የተወሰነው ብቻ የሚለቀቅልህ። አድራሻ ለማስመዝገብ ቤት ያስፈልጋል። ቤት ለመያዝ ደግሞ መያዣ ይጠየቃል፤ ሕጉ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ይፈቅዳል፣ ማሞቂያና ውሃ ሳይቆጠር። አየኸው? ገንዘብ እያለህ ገንዘብ የለህም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሻግር ለብቻው ያዝ። እኔ ብሆን ከ1,500 ዩሮ በታች አልነሣም፤ ሙኒክ ከሆነ እሱም ይጠብባል።

ከተማው ሒሳቡን በጣም ይለውጠዋል። ላይፕዚግ፣ ሃለ፣ ኬምኒትዝ ኪራያቸው ከሙኒክና ከፍራንክፈርት ጋር አይወዳደርም። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ስትፈልግ ይህንንም አስብ።

ከፍራንክፈርት፦ ወንድሜ፣ ስለ ፊርማው እኔ ልንገርህ፤ ለእህቴ ልጅ ፈርሜያለሁ። የአክስትህ ልጅ ወደ ውጭ አገር ዜጎች ቢሮ ሄዳ ነው የምትፈርመው፤ ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ደመወዟን፣ የኪራይ ውሏን፣ ስንት ሰው እንደምታስተዳድር ያያሉ። ገቢዋ ካልበቃ ይመልሷታል። ፊርማው ከተቀበሉት ብሎክድ አካውንት አያስፈልግህም፤ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግን ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት ለኑሮህ ወይም ለሕክምናህ ወጪ ካወጣ ከእሷ ይጠይቃል፤ ግዴታው እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል። በስልክ «እሺ» ስላለች ብቻ አትጀምር። ይህን አውቃ ትፈርም፤ ቤቷም የምታርፍ ከሆነ ቁርጡን ተነጋገሩ። ዘመድነት በኪራይ ሲበላሽ አይተናል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ ሠርቼ አላካክስም? በሳምንት 20 ሰዓት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ።

ከላይፕዚግ፦ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ለቋንቋ ተማሪም ተፈቅዷል። ግን በኤ2 ጀርመንኛ ማን ቶሎ ይቀጥርሃል? ካገኘህ ምርቃት ነው፤ በጀት ውስጥ አታስገባው።

የቋንቋ መምህርት (አዲስ አበባ)፦ እኔ ደግሞ ጥያቄውን ከሥሩ ልንካው። ለምን አሁን ትሄዳለህ? ቢ1ን እዚሁ በብር ተምረህ መጨረስ ትችላለህ፤ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ በዩሮ የምትከፍለው እዚህ ለማታገኘው ደረጃ ቢሆን ይሻላል። በጀርመንኛ ለሚሰጥ ማስተርስ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ሲ1 ገደማ ይጠይቃል። ከኤ2 ተነሥተህ በስድስት ወር እዚያ መድረስ ለጎበዝም ከባድ ነው፤ ስድስት ወሩ ዓመት ይሆንና የአባትህ ሚኒባስ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል።

ሌላው፣ ዓላማህ ማስተርስ ከሆነ በቀጥታ እሱን ተናገር። ቋንቋውን እንድታሟላ ቅድመ ሁኔታ አድርገው የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በዚያ የመቀበያ ደብዳቤ የምታመለክተው ለትምህርት ቪዛ ነው፤ የቋንቋው ጊዜም በውስጡ ይገባል። በቋንቋ ቪዛ ሄዶ ቆይቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መቀየር የራሱ ጣጣ አለው።

ከላይፕዚግ፦ በኤ2 ሂድ አላልኩም እንግዲህ! እህታችን ትክክል ናት። እኔም የመጣሁት በቢ1 ነው።

ከኮሎኝ፦ ትምህርት ቤት ስትመርጥ የሚሰጡህ ደብዳቤ ላይ በሳምንት ቢያንስ 18 ክፍለ ጊዜ መሆኑ ይጻፍ። የማታ ኮርስ ለቪዛ አይሆንም። ፎልክስሆኽሹለ የሚባሉት የከተማ ትምህርት ቤቶች ከግሎቹ ብዙ ይረክሳሉ፣ ግን ቦታ ቶሎ ያልቃል፤ ሁሉም 18 ክፍለ ጊዜ አይሰጡም።

ክፍያ ከመላክህ በፊት «ቪዛ ብከለከል ስንት ትመልሱልኛላችሁ?» ብለህ በኢሜይል ጠይቅ፤ መልሱን አስቀምጥ። የኤምባሲው ቀጠሮ ከኮርሱ መጀመሪያ ቀን ካለፈ ቀኑን ያለ ቅጣት ያዛውሩልህ እንደሆነም አብረህ ጠይቅ። ባንክም የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሳያይ ምንዛሪ አይሰጥህም። ደብዳቤው በእጅህ እንደገባ ሁለት ሦስት ባንክ ዙር፤ አንዱ የሌለው ሌላው ጋ ይኖራል።

ጠያቂ፦ እሺ፣ መጀመሪያ ቢ1። ሚኒባሱ እስከዚያ ይሥራ።