ዓመት ከሰባት ወሩ ነው፣ ሌሊት ጡት አልተው አለኝ

ጠያቂ፦ እናቶች እባካችሁ ምከሩኝ። ልጄ ቀን ምግቡን ይበላል፣ ይጫወታል፣ ምንም አይለውም። ጉዱ ሌሊት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ይነቃና እጁን በአንገቴ በኩል ሰዶ ልብሴን ይጎትታል። ጠባ ጠባ አድርጎ መልሶ ይተኛል። ጡቱን ከአፉ ላውጣ ስል ደግሞ ብንን! ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ዓይኔ ይከደናል። ጨርሶ ላስጥለው አልፈልግም፣ ሌሊቱን ብቻ ቢተውልኝ። ይሆናል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ይሆናል እህቴ። የኔዋ ሌሊቱን ከተወች በኋላ ጠዋትና ማታ ስትጠባ ከርማለች። ቀን በደንብ ከበላ የሚነቃው ርቦት አይመስለኝም። ሁላችንም ሌሊት ብንን እንላለን፤ ገልበጥ ብለን እንተኛለን። እሱ ግን እንቅልፍ የሚወስደው ጡት አፉ ውስጥ እያለ ስለሆነ፣ ሲነቃም ያንኑ ይፈልጋል። ስለዚህ ከማታው ጀምሪ። መጀመሪያ ይጥባ፣ ከዚያ ጥርሱ ይቦረሽ፣ ልብሱ ይቀየር፣ ተረት ይነበብለት። ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ አስተኚውና አጠገቡ ሁኚ። ጀርባውን ቸብ ቸብ፣ እሹሩሩ፣ ያዋጣሽን ሁሉ። ያለቅሳል፤ አልዋሽሽም።

ሌሊት ሲነቃ ደግሞ የሚጠባበትን ጊዜ እያሳጠርሽ ሂጂ። 10 ደቂቃ ከነበረ 8፣ በሁለት በሦስት ቀኑ ደግሞ ቀነስ። ሳይተኛ ጡቱን አውጪ። ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ ብታስገቢ ሳያምሽ ይለቅልሻል። አንገቱ ዝግ የሆነ ልብስም ልበሺ፤ እጁ መግቢያ ያጣል። ቀን ቀን ደግሞ «ሲጨልም ጡት ይተኛል፣ ሲነጋ ትጠባለህ» በዪው። አይገባቸውም እንላለን እንጂ ይገባቸዋል።

አንድ አባት፦ ባልሽ የት ሄዶ ነው? እኛ ቤት የተሳካው እኔ ስነሳ ነው። እናቱ ስትይዘው ወተቱ ይሸተዋል፣ እንዴት ይቻለው? እኔን ሲያይ መጀመሪያ በእልህ ጮኸ፣ ገፋኝ። ውኃ በኩባያ አቀረብኩለት፣ አቀፍኩት፣ ትከሻዬ ላይ ተኛ። እናትየው ሌላ ክፍል ትተኛ፤ ልጁ ሲያለቅስ ሰምታ ከመጣች ግን ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

እማማ፦ ጡትሽ ላይ መራራ ነገር ቀባ አድርጊ፣ በአንድ ቀን ይገላግልሻል።

ነርስ ነኝ፦ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሷ ቀን ማጥባቱን ትፈልገዋለች። መራራ ከቀባች ልጁ ጡቱን ራሱን ይፈራዋል፤ የሚቀባው ነገርም አፉ ውስጥ ነው የሚገባው።

እህቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን ይመክራል። «ይሄን የሚያህል ልጅ» የሚልሽን ተዪው። ሌሊቱን ግን በአንዴ አታቋርጪ፣ ጡትሽ ያግታል። ከተወጠረ ውጥረቱ እስኪላላ ብቻ በእጅሽ አልበሽ አፍስሺው፤ ሙልጭ አድርገሽ ካለብሽው ወተቱ ይብስ ይመጣል። ቀይ ሆኖ ካቃጠለሽና ትኩሳት ከያዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ልጁም ሲተኛ በኃይል የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ አስመርምሪው። ደም ማነስም እንቅልፍ ይነሳል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጣችሁ! ባሌ ይሄን አንብቦ ዝም ብሏል፤ ዛሬ ማታ ተረኛ ነው። አሁን ግን ጥርስ እያወጣ ነው፣ ድዱ አብጧል። ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሌሊቱን ለጊዜው እንደለመደው አጥቢው፣ ሲያመው አይጀመርም። የማታውን ቅደም ተከተል ግን ከዛሬ ያዢው። ድዱ ሲሻለው ወደ ሌሊቱ ትሄጃለሽ። ባልሽ በዚህ አሳብቦ እንዳያመልጥ ብቻ!