ልቡ ስፖንጅ መሰል ነው፤ ምቱ ደህና ነው፤ ደም ማቅጠኛ ይጀመር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚው የ36 ዓመት ሰው ነው። በኤምአርአይ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ስፖንጅ መሰል የላላ ንጣፍ ውፍረት ከጠጣሩ ንጣፍ 2.6 እጥፍ ሆኖ ተለክቷል። ኢጄክሽን ፍራክሽኑ (ልቡ በአንድ ምት የሚያስወጣው የደም ድርሻ) 33 በመቶ ብቻ ነው፤ ኢሲጂው (የልብ ምት የኤሌክትሪክ ምርመራው) ደህና ነው። ስትሮክ ይዞት አያውቅም፤ አባቱ ግን በወጣትነቱ በድንገት ነው ያረፈው። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ይጀመርለት ወይስ አስፕሪን ይበቃዋል?

መልስ 1፦
ልኬቱ በልብ ምቱ በየትኛው ቅጽበት እንደተወሰደ ይጣራ። መለያው በኤምአርአይ ልብ ሲሞላ ከ2.3 እጥፍ በላይ፣ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ልብ ሲኮማተር ከ2 እጥፍ በላይ ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሪፖርት ሞልቷል። ደግሞም በጥቁር ሕዝብ፣ በአትሌቶችና በነፍሰ ጡሮች ዘንድ ጤነኛ ልብም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል በቁጥር ብቻ ሰው በሽተኛ አይባልም። የእርሶን ታካሚ የሚያሳስበኝ የልቡ ድካምና የአባቱ አሟሟት ነው።

ስትሮኩ በሁለት መንገድ ይመጣል። በላላው ንጣፍ ሥርቻዎች ውስጥ ደም ይተኛል፤ የደከመው ጡንቻ ጠርጎ አያወጣውም፤ ይረጋና ቁራጩ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሁለተኛው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል የተዛባ ምት) ነው፤ መጥቶ ሊሄድ ስለሚችል በአንድ ኢሲጂ ላይያዝ ይችላል። ቢያንስ የ48 ሰዓት ሆልተር (ሰውነት ላይ ታስሮ ምቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) ይሠራለት። የልብ ጫፍ ላይ ያለ የረጋ ደም ተራ ኤኮን ሊያመልጥ ይችላል፤ በኤምአርአዩ ላይ ተፈልጎ እንደሆነ ራዲዮሎጂስቱ ይጠየቅ።

ፊብሪሌሽን፣ የረጋ ደም ወይም ያለፈ ስትሮክ ቢኖር ደም ማቅጠኛ መጀመሩ አያጠያይቅም ነበር። ሦስቱም ከሌሉ ጠንካራ ጥናት የለም፤ እኔ ግን በ33 በመቶ ልብ፣ የመድማት አደጋው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወደ መጀመሩ አዘነብላለሁ። አስፕሪን የደም ማቅጠኛን ቦታ አይተካም።

መልስ 2፦
ከፋርማሲ በኩል፦ ዋርፋሪን ከሆነ አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬት) ከ2 እስከ 3 ይጠበቅ። ጎመን አይከልከል፣ መጠኑ አይዋዥቅ እንጂ። በዐቢይ ጾም ጎመን ሲበዛ አይኤንአር ይወርዳል፤ ሲፈሰክ ደግሞ በዚያው መጠን የቀጠለ ሰው ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ይለካ። ክኒኑ ማታ ስለሚወሰድ ጾምን አያስፈታም።

የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ጥንቃቄ! ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ዋርፋሪንን ያዳክማል፤ የዋርፋሪኑ መጠን ከፍ ተደርጎ ከቆየ በኋላ ሪፋምፒሲኑ ሲቆም አይኤንአሩ በሁለት ሳምንት ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ሌሎቹ ደም ማቅጠኛዎች አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባንም ከሪፋምፒሲን ጋር አይሰጡም። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ አይሁን።

ጠያቂ፦
ልጆቹስ? ሁለት ትንንሾች አሉት።

መልስ 3፦
ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ሁሉ ኢሲጂና ኤኮ ይሠሩ። በብዛት ከሚገኙት ጂኖች አንዱ ኤምዋይኤች7 ነው፤ የጂን ለውጡ ታካሚው ላይ ከተገኘ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የልጆቹ ኤኮ ዛሬ ንጹሕ ቢሆንም እያደጉ በየጊዜው ይደገም።

ለቤተሰቡም ይነገር፦ ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ጽፈው ይምጡ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው የሚሰጠው፤ አይኤንአሩ ከ1.7 በላይ ከሆነ ግን አይሰጥም። የመድኃኒት ካርዱን ይዘው ይምጡ፤ የመጨረሻው ክኒን የተዋጠበት ሰዓትም ይጠየቃል።