ደቡብ ሱዳን ነዳጅ እያላት እኛ ለምን ጅቡቲ?

የደሴው ባጃጅ፦ ሰላም ጀመዓ። ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማደያ ተሰልፌ፣ ከፊቴ ሦስት ባጃጅ ሲቀር ቀጂው ቱቦውን ሰቀለው። አለቀ። ጥግ ላይ በሃይላንድ የሚሸጡት ልጆች ግን አላለቀባቸውም። (ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም፣ ገዛሁ።) ጥያቄዬ፦ ደቡብ ሱዳን ጎረቤታችን ናት፣ ነዳጅ አላት። ተዋውለን በቀጥታ ብንገዛ ምን ይከለክለናል?

ጡረተኛው ቦቴ፦ አብሽር ልጄ። ቦቴ ላይ ነው የሸበትሁት። ረዳት ሆኜ የጀመርሁት በአሰብ መንገድ ነው፤ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚሌ፣ ቡሬ ብለህ ትወርዳለህ። አሰብ ማጣሪያ ነበረ፣ በ1989 ተዘጋ። ያንተ ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ደቡብ ሱዳን ያላት ድፍድፍ፣ ያልተጣራ ነዳጅ ነው፤ ባጃጅህ ውስጥ ብትጨምረው አይነሳልህም። ደግሞ ሰም የበዛበት ነው፣ ካላሞቁት በቧንቧው ውስጥ እንደ ቅቤ ይረጋል።

ከሱዳን ጋርማ ውል ነበረን። ከ1995 ወዲህ ከካርቱም በስተሰሜን ካለው የጄይሊ ማጣሪያ ቤንዚን በመተማ ይገባ ነበር፤ እኔም ተመላልሻለሁ። መተማ ላይ ቀትር ታንከሩን ከነካህ ቆዳህን ይዞ ይቀራል። ሐምሌ 2003 ደቡብ ስትገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛው ያህል አብሯት ሄደ። ጉድጓዱ ደቡብ፣ ቧንቧውና ማጣሪያው ሰሜን። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጠብ ታውቀዋለህ።

ኮምቦልቻዊት፦ አባባ ልክ ናቸው። ውል ካነሳን ግን የቬንዙዌላን ፔትሮካሪብ እዩት፣ ሰኔ 1997 የተፈረመውን። ዋጋ ሲወደድ የካሪቢያን አገሮች ከፊሉን ብቻ ይከፍሉ ነበር፣ ቀሪው በ25 ዓመት፣ በ1 ከመቶ ወለድ። ጉያና ዕዳዋን በሩዝ ትከፍል ነበር! ሒሳብ አስተምራለሁ፣ እንዲህ ያለ ብድር ለማንም አልመኝም፤ ርካሽ ስለሆነ ይከመራል። የቬንዙዌላ ምርት ሲያሽቆለቁል ደግሞ መርከቡ ቀረ፣ ዕዳው ግን አልቀረም።

የደሴው ባጃጅ፦ በሩዝ! እኛ በጤፍ እንክፈል ብንል ጤፉ ራሱ የት አለ። ጄይሊስ አሁን ይሠራል አባባ?

ጡረተኛው ቦቴ፦ የት ይሠራል፣ በጦርነቱ ተቃጠለ እኮ። የደቡቡ ድፍድፍ የሚሄድበት ቧንቧም በ2016 ረግቶ ተደፍኖ ፈነዳ፤ ያን ጊዜ የማሞቂያና የመግፊያ ጣቢያዎቹ ናፍጣ አጥተው ነበር አሉ። የነዳጅ ቧንቧ ናፍጣ አጥቶ! ወላሂ አሥር ጊዜ ስቄያለሁ።

የደሴው ባጃጅ፦ እንግዲያው ዛሬ ከ8 ሰዓት እሰለፋለሁ።

ጡረተኛው ቦቴ፦ ተሰለፍ። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ማርሽ አውጥተህ እንዳትወርድ፤ ስንቱን ቀብረናል።